ሊቀመንበሩ ይነሱ

ልጄ የፓርቲውን ጉባኤ መድረክ እንድትመራ መመረጧን የነገረችኝ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ ነው። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። በቃ፣ መጣ አልኩ በልቤ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ስልክ ሲጠራ ሰው የሞተ፣ በር ሲንኳኳ የሚያስር የመጣ ይመስለኛል። ልጄ ትስቅብኛለች።

"ከዚያ ሁሉ አባል አንቺን ለምን መረጡ?" አልኳት።

"ድምፄን ወደውት ነዋ!"

ስለ ድምጿስ እውነቷን ነው። በመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የምትናገረው እሷ ናት። ፊቷን የማያውቅ ድምጿን ያውቃል። "ሁለተኛው አውቶቡስ ይነሳል። ተሳፋሪዎች ቦታችሁን ያዙ።" ይህን ስትል ከፍ ዝቅ የለ፣ ማባበል የለ። እሷ ይነሳል ካለች ይነሳል። ሾፌሮቹ ሻያቸውን ጥለው ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ፓርቲው ውስጥ ያስገባት ታናሽ ወንድሜ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላጭ ሰው ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ስለ ፖለቲካ የሚያወራ፣ ደንበኛው ደግሞ ነፍሱን ሰግቶ "ልክ ነህ፣ ልክ ነህ" የሚለው ሰው። እኔ ገና ከጅምሩ አልወደድኩትም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ስብሰባ ምን እንደሚያመጣ በማወቅ ከማንም አላንስም።

ደግሞስ እንዴት አልፈራም? የፓርቲው የቀድሞ የክፍለ ሀገር ሊቀመንበር "በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ" ተባለ። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም "በገዛ ፈቃዳቸው" ነበር የለቀቁት። ቀድመው የነበሩት በለቀቁ በሳምንቱ ሱቃቸው ታሸገ፤ ሚስታቸው ልጆቿን ሰብስባ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው እኛ ሰፈር ነው ቤታቸው። ከለቀቁ ወዲህ መጋረጃቸው ተገልጦ አያውቅም፤ ዳቦ የሚገዛላቸው ሰው እንኳ የሚገባው በጓሮ በር ነው። ሁለቱም ወንበሩ ላይ ሳሉ ምክትላቸው የነበረው ያው አንድ ሰው ነው። እነሱ ሄዱ፣ እሱ አለ። አሁን ተጠባባቂ ሊቀመንበር ሆኗል፤ በጉባኤው ቀን ደግሞ "ተጠባባቂ" የምትለው ቃል ትወልቅለታለች እየተባለ ነበር።

ከተማው ለስላሳው ይለዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለማያውቅ ነው። ሲናገር ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የትም ቢቆም ዙሪያውን ያሉት ሰዎች ያጎነበሱለት ይመስላል።

ጉባኤው ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት መጣ። ብቻውን ነው። ሱፉን በክንዱ ይዟል።

"እህቴ፣ ሱሪው ረዝሞብኛል። ጉባኤው ላይ ልለብሰው ነው።"

ልብስ ሰፊ ነኝና ማንም ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ደጁን አሻግሬ አየሁ። ሱሪውን ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመ፤ እኔ ተንበርክኬ ታቹን እያጠፍኩ በስፒል መያዝ ጀመርኩ።

"ሰው በደንብ አይቶኝ አያውቅም" አለ ከላይ። "ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነበርኩ።"

"ከፍ ያድርግዎ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

"ወደ ምርጫው ከመገባቱ በፊት ልጅሽ ብድግ ታድርገኝ። ሰው ይየኝ።"

"እነግራታለሁ።"

"‘ክቡር’፣ ‘እባክዎን’ ምናምን እያሉ ማሞካሸት አልወድም። በአጭሩ ነው። ሊቀመንበሩ ይነሱ። በቃ።"

"ሊቀመንበሩ ይነሱ" ብዬ ደገምኩ፣ ስፒሉን በጥርሴ ነክሼ።

"እንዲያ።" መስታወቱን ትቶ ቁልቁል አየኝ። "አንድ ልጅ ብቻ ናት ያለችሽ፣ አይደል?"

"አንድ ብቻ።"

"አንድ ጥሩ ነው" አለ። "የሰው ሐሳብ አይበተንም።"

ሲወጣ ዋጋውን ሳይከራከር ከፈለኝ። ያ ራሱ አስጨነቀኝ።

ማታ የተባለውን ቃል በቃል ለልጄ ነገርኳት። "ምን ችግር አለው፣ እንደ መናኸሪያው ነው" አለች እየበላች። እኔ ግን ምክሬን ቀጠልኩ። ብዙ እንዳትስቂ፤ ማንንም ከማንም አስበልጠሽ እንዳታዪ፤ ከፊትሽ የሚቀመጠውን ውሃ እንዳትጠጪ።

"ውሃውን ደግሞ ለምን?"

"ማን እንደቀዳው ታውቂያለሽ?"

"እማ፣ አንቺ እኮ ፓርቲ ብትመሠርቺ አባላቱ በሙሉ በውሃ ጥም ያልቁ ነበር" ብላ ሳቀች።

ጉባኤው የተካሄደው በአሮጌው ሲኒማ ቤት ነው። ወንበሮቹ የሚታጠፉ የእንጨት ወንበሮች ናቸው፤ ሰው ሲነሳ መቀመጫው ወደ ላይ ተመልሶ ጧ ይላል። ጣሪያው ላይ ካሉት ማራገቢያዎች የሚዞረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም እያቃሰተ። እኔ "እንግዳ" የሚል ካርድ ደረቴ ላይ ለጥፈውልኝ መጨረሻው ረድፍ ጋ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለመውጣት እንዲመቸኝ በሩን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ወንድሜ ከፊት ሆኖ እየዞረ እጁን ያውለበልብልኛል፤ ሠርግ የጠራኝ ነው የሚመስለው።

መድረኩ ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። መሐል ላይ ለስላሳው፣ በቀኙ የፓርቲው ጸሐፊ፣ ዳርና ዳር ሌሎቹ። ጸሐፊው በሙያው ፋርማሲስት ነው፤ ሲናገርም መድኃኒት የሚያዝ ይመስል ከምግብ በፊት ከምግብ በኋላ የሚል ዓይነት ነገር አለው። ልጄ ከጠረጴዛው ፈንጠር ብላ ማይክሮፎኑ ጋ ቆማለች። ግራጫ ቀሚሷን ነው የለበሰችው። አንገቷ ቀጥኖ ታየኝ።

የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፣ ሪፖርት ተነበበ፣ ተጨበጨበ። ሰው የሚያጨበጭበው ጎረቤቱን እያየ ነው፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ያቆማል። ከዚያ ልጄ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

"ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት" አለች፤ ትንሽ ቆየት ብላም፣ በዚያ ከፍ ዝቅ በሌለው በመናኸሪያው ድምፅ፣ "ሊቀመንበሩ ይነሱ።"

አዳራሹ ጸጥ አለ።

እዚያ ጸጥታ ውስጥ ቃሉ ሲገለበጥ ተሰማኝ። ቤት ውስጥ ስንደግመው የነበረው ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ግን ‘እባክዎን’ የለው፣ ‘ክቡር’ የለው፤ በዚያ አዳራሽ፣ በምርጫ ቀን፣ በዚያ ድምፅ ሲነገር ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ።

ከመሐል አንድ ሰው "ይነሱ!" አለ።

ደስ ብሎት ይሁን ተናዶ መለየት አልቻልኩም። ሌላው ተቀበለው። "አዎ፣ ይነሱ!" ጭብጨባው ጀመረ። አሁን ማንም ጎረቤቱን አያይም። ከፊቴ ያለችው፣ የለስላሳውን ፎቶ ደረቷ ላይ የለጠፈችው ሴትዮ፣ "ይነሱልን እንጂ፣ እንያቸው!" እያለች እልል ልትል ምንም አልቀራት። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ደግሞ ጥርሱን ነክሶ፣ ጉልበቱን በቡጢ እየደበደበ፣ "ይነሱ፣ ይነሱ፣ ይነሱ" ይላል፤ ዓይኑ እንባ አቅሯል። ያው ቃል ነው፣ ያው ጭብጨባ ነው። ማን አክብሮ እንደሚጠራ፣ ማን ውረድ እንደሚል የሚለይ ነገር የለም። ስለማይለይም ነው መሰለኝ፣ በዚያ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ጮኸ።

ለስላሳው ሲጠራ መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ቀጥ ብሎ ቢቆም ‘እሺ፣ ወረድኩ’ ማለት ሊሆን ነው። ተመልሶ ቢቀመጥ ወንበሩን ሙጭጭ አለ ሊባል ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ እኔ ያሳጠርኩት ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ፣ እንዲያው ቀረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

እሱም ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን ሥራ ላይ ነበር። ከፊተኛው ረድፍ ጀምሮ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሄዳል። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ከደረቴ ላይ አወረድኩ፤ ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም።

ፋርማሲስቱ ተስፈንጥሮ ተነሣና "የሻይ ዕረፍት! የሻይ ዕረፍት!" ብሎ ጮኸ። ልጄን ክንዷን ይዘው ከመድረኩ ኋላ ወዳለች ክፍል ሲያስገቧት አየሁ።

በሰው መሐል እየተጋፋሁ ስሮጥ ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ፊቱ በርቷል።

"እታለም፣ ልጅሽ ታሪክ ሠራች! ሃያ ዓመት ያልተደፈረውን በአንድ ቃል! አስባበት ነው ያደረገችው እንበል፤ ሰው እኮ በትከሻው ሊሸከማት ነው!"

"ዝም በል!" አልኩት። "ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ደግሞ የሰጠኝ እሱ ነው። አስባበት ነው ብለህ አንድ ሰው ጆሮ ብታደርስ ምላጭህን ቀምቼ..."

ምን እንደማደርግ ሳልጨርስ ትቼው ገባሁ።

ክፍሏ የድሮ ፊልም ማከማቻ ናት። ፋርማሲስቱ ልጄ ላይ አፍጥጦ ቆሟል። ለስላሳው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሱሪውን አቧራ በጣቱ ያራግፋል።

"ይህን ቃል ማን ነው የሰጠሽ?" ይላል ፋርማሲስቱ። "ከጀርባሽ ያለው ማን ነው?"

"ጋሼ፣ እኔ አውቶቡስ እንጂ ሰው አላስነሳም" አለች ልጄ። ልትቀልድ ሞከረች እንጂ ከንፈሯ ነጥቷል።

"እሳቸው ናቸው ያዘዙት!" አልኩ ከበሩ። "ሱሪያቸውን ስለካ፣ ቤቴ ውስጥ፣ በአፋቸው ነው የነገሩኝ። ‘እባክዎን’ እንዳትል፣ በአጭሩ ‘ሊቀመንበሩ ይነሱ’ ትበል አሉ። እኔ ቃል በቃል ነው ያደረስኩት።"

ፋርማሲስቱ ወደ ለስላሳው ዞረ። ይክዳል ብዬ ነበር። ‘ይህችን ሴትዮ አላውቃትም’ እስኪል ነው የጠበቅሁት፤ የምመልሰውንም አዘጋጅቼ ነበር።

"እውነቷን ነው" አለ። "እኔ ነኝ ያልኩት።"

እፎይ ልል ነው። ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ትንፋሼ አልወጣም።

"እንግዲያው ተመልሳ ታስተካክላ!" አለ ፋርማሲስቱ። "‘ይነሱ’ ያልኩት ‘ይቁሙ’ ለማለት ነው ትበላቸው።"

"‘ይቁሙ’ ስል ደግሞ ‘ይብቃዎት’ ነው የሚመስላቸው" አለች ልጄ።

ለስላሳው ሳቀ። ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ሳቁም ለስላሳ ነው። "ብልህ ናት" አለ፣ እኔን እያየ። "በአንድ ልጅ ሐሳብ አይበተንም ብዬሽ አልነበር?"

ከውጭ "ይነሱ" የሚለው ጩኸት በጭብጨባ ታጅቦ ይሰማል።

"ሰዉ ተነሥ ብሎኛል" አለ። "እነሣለሁ። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ማን ማን እንደጮኸ እንደሆነ አይቻለሁ። ወንበሩ ግን ባዶ ማደር የለበትም።" ልጄን ከጫማዋ እስከ ፀጉሯ ተመለከታት። "ያን ሁሉ ሰው በአንድ ቃል ያስጮኸ ከመካከላችን ማን አለ?"

ፋርማሲስቱ ገና አልገባውም፤ ዓይኑን ያርገበግባል። ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ክፉ ነገር ሲሆን ቶሎ ነው የሚገባኝ።

"ልጅ ናት" አልኩ። "ምኑን ታውቀዋለች?"

"ሁሌ ‘ወጣት አምጡ’ አይደል የሚሉን? እኔ እንደ ድሮዬ ምክትል ሆኜ አግዛታለሁ።"

እንደ ድሮዬ አለ። የታሸገው ሱቅና ያ የማይገለጥ መጋረጃ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ።

"ይቅርብኝ፣ ጋሼ" አለች ልጄ። "ነገ ጠዋት ፈረቃ አለኝ።"

"ፈረቃሽን እናስተካክላለን" አለ ለስላሳው፤ በሩንም ራሱ ከፈተላት።

ወደ ቦታዬ ስመለስ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። ለስላሳው ማይክሮፎኑን ያዘ። አዳራሹ ሊሰማው ጎንበስ አለ።

"ይነሱ አላችሁኝ። ይኸው ተነሣሁ።"

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ያለቅሳል። ባለ ፎቶዋ ሴትዮ ምን እንደተፈጠረ ግራ ገብቷት፣ ግን ከማንም በላይ እያጨበጨበች ነው። ከዚያ እሱ የልጄን ስም ጠራ። ለሊቀመንበርነት ዕጩ አድርጌ አቀርባታለሁ አለ። ለአፍታ ጸጥ ተባለ፤ ሰው ሲያሰላ ይታየኝ ነበር። እሱ ያቀረባት ናትና እሷን መደገፍ እሱን መታዘዝ ነው። እሱ አይደለችምና እሷን መደገፍ እሱን መጣል ነው። ቀድሞ የጮኸና ‘ፊቴን አይቶኝ ይሆን?’ ብሎ የሰጋ ሁሉ ማምለጫ አገኘ። ማንም ምንም የማይከፍልበት ምርጫ ነበር፣ ከእኛ በቀር።

እጅ ወጣ። የአዳራሹ እጅ በሙሉ። ወንድሜማ ሁለቱንም ነው ያወጣው።

ልጄ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ አይሠራም። አጥፍተውታል። ያ መናኸሪያውን ሙሉ የሚያስሮጥ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። እኔ ግን ከንፈሯን አነበብኩ። ከጡት ጀምሮ የማውቀው ከንፈር ነው። "አልፈልግም" ነው የምትለው። "አልፈልግም። አልፈልግም።"

ፋርማሲስቱ አሁን ገብቶታል። ከኋላዋ ብቅ አለና በገዛ ጉሮሮው "ደስታው ቃል አሳጥቷታል!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። "ለሥርዓቱ ያህል፣ የሚቃወም አለ?"

ተነሣሁ። መቀመጫዬ ጧ አለ። እጄን እስከ ትከሻዬ መገጣጠሚያ ድረስ ዘርግቼ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"እኔ እቃወማለሁ!"

"እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እማማ" አለ ፋርማሲስቱ። "አባል አይደሉም።"

"እናቷ ነኝ!"

ለስላሳው ማይክሮፎኑን ወሰደ፤ ለእሱ ሠራለት። "እናት ሁልጊዜ ትፈራለች" አለ። "እንኳን ፈራሽ፣ እህቴ። እኛም እንጠነቀቅላታለን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የወደዱኝ ሰዎች ሳቅ ነበር። ከጎኔ ያለው ሽማግሌ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ አወረደልኝ። "አይዞሽ፣ ልጄ" አለኝ። ልጄ ከመድረኩ ሆና አየችኝ። አልሳቀችም። "በሙሉ ድምፅ" ሲባል ሰማሁ።

ውጭ ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል። ጥቁር መኪና በሩ ድረስ ተጠግቷል። እየገፋሁ ስደርስ ልጄ ኋላ ወንበር ላይ በሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መሐል ተቀምጣለች፤ ለስላሳው ከፊት ነው። መስኮቱ ግማሽ ድረስ ክፍት ነበር።

"እማ፣ ምሳ ብዪ፤ እኔን እንዳትጠብቂ" አለች።

"ወዴት ነው የሚወስዱሽ?"

አንደኛው ሰው መስኮቱን ዘጋው። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ ከኋላዬ አቀፈኝ። "ማን ይወስዳታል፣ እታለም? ከዛሬ ጀምሮ የምትወስደው እሷ ናት!" ይለኛል። ሴቶች እየተሽቀዳደሙ ይስሙኛል። "እንኳን ደስ አለሽ፣ የሊቀመንበር እናት!" በሴቶቹ ትከሻ ላይ አሻግሬ መኪናውን አየሁት። ወደ ቤታችን በሚወስደው መንገድ አልታጠፈም። ወደ ፓርቲው ጽሕፈት ቤትም አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እዚያ ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም።

አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ቆመ። ልብሱ ንጹሕ፣ ፀጉሩ የተስተካከለ።

"እማማ፣ ቤትዎ ላድርስዎት።"

"ቤቴን ታውቀዋለህ?"

"እናውቀዋለን" አለ በትሕትና።

"ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?"

"ሊቀመንበሯን ነው?" ብሎ አረመኝ። "ሲፈቅዱ ይመጣሉ።"

‘ሲፈቅዱ’ ያለው እሷን አክብሮ ይሁን ሌሎቹን፣ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁና ዘጋሁት። ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ።